ዋርድያና ሽሮ በአንድ ግቢ

ውድ መሓሪ፣

ድምፅህን በየጊዜው ስለምሰማ ስለ ጤናህ በመጠየቅ ወረቀት አልጨርስም። ይህን የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። አንተ በደወልክ ቁጥር እናትህ «ድምፁን ልቀቂው» ይሉኝና አጠገቤ ይቀመጣሉ። አጠገቤ ተቀምጠው ስለ እሳቸው ምን ብዬ እነግርሃለሁ? ቤተ መጻሕፍት አብራኝ የምትሠራው ዓለምእሸት ለወንድሟ ሠርግ አዲስ አበባ ስለምትመጣ ደብዳቤውን በእጅህ ትሰጥሃለች። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ትንሽ ልኮራብህ ነው። ፍቀድልኝ።

አባዬን ደሴ ቀብረን፣ የተከራየበትን ቤት ስናስረክብ «ድመቷን ለጎረቤት ስጫት» ብለኸኝ ነበር። «ውሻችን ዋርድያ ድመት ሲያይ እንደሚያብድ ታውቂያለሽ። መቐለ ብትወስጃት አንድ ቀን አታድርም» አልክ። ፍርሃትህ ያለ ምክንያት አልነበረም። የቀዳማይ ወያነ ሰፈር ድመት ሁሉ የእኛን አጥር ዞሮ እንደሚሄድ እኔም አውቃለሁ። ግን አባዬ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከድመቷ ከሽሮ በቀር ቤት ውስጥ የሚያናግረው አልነበረውም። አንተ ወደ ሥራህ ስትመለስ፣ እኔ ሽሮን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ የዘንቢሉን አፍ በነጠላዬ አስሬ፣ የመቐለ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። እስከ ወልዲያ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱን ሙሉ ጮኸች። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ነጠላዬን ገለጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ መቐለ ድመት ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ግቢ ስደርስ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ዋርድያ ሊቀበለኝ ሮጦ መጣ፣ ዘንቢሉን አሸተተ፣ ወዲያው ፀጉሩ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቆመ። ዘንቢሉን ወደ ላይ ባነሣው ሽሮ ትከሻዬን ቧጥጣ ዘለለችና ከውሃ ሮቶው ላይ፣ ከሮቶው ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ወጣች። እሱ ከሥር ሆኖ ግድግዳውን እየቧጨረ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው።

እናትህ ወጡ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ከማለታቸው በፊት ወደ ጣሪያው ቀና ብለው «እዋይ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«የአባቴ ድመት ናት፣ ኣደይ» አልኳቸው፤ «እናቴ» የምላቸው በትግርኛ ነው።

«አባትሽን ነፍሱን ይማረው። ግን ውሻና ድመት በአንድ ግቢ አይኖሩም፤ አይተን አናውቅም። ዋርድያ ከገደላት በኋላ እያለቀስሽ ወደ እኔ እንዳትመጪ።»

እናትህ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ አንተ ለሥራ ከሄድክ ወዲህ እኔና እሳቸው በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበርን። እሳቸው አማርኛቸውን ይቆጥባሉ፣ እኔ በትግርኛዬ አፍራለሁ። ምሳ ይሠሩልኛል፣ ልብሳቸውን አጥብላቸዋለሁ፣ «ደህና እደሩ» «ደህና እደሪ» ተባብለን እንለያያለን። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ስለ ደሴ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ስለ ጦርነቱ ጊዜ አንሥቼባቸው አላውቅም።

ሱቋ ጥጋችን ላይ ያለው ሀፊሳ አይጥ የዱቄት ጆንያዋን ስለሚበሳባት ድመት ትፈልግ ነበር። እናትህ «ለእሷ ስጫትና እንረፍ» አሉ። የሑዳዴ ጾም ሊገባ ነበር። «ጾሙ እስኪፈታ ብቻ ይታገሱኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ሕራይ፣ እሺ» አሉ፤ «እስከ ፋሲካ። ከዚያ በኋላ ግን አንቺም አትለምኚኝ፣ እኔም አልሰማሽም።»

ዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ግቢ ወዳለው ቤተ መጻሕፍታችን የምትመጣ ዮሃና የምትባል የእንስሳት ሐኪም አለች። በማግስቱ መጽሐፍ ልትመልስ ስትመጣ ያዝኳትና «ውሻና ድመት ተስማምተው መኖር ይችላሉ?» አልኳት።

«ይችላሉ፤ ሰው ካልቸኮለባቸው» አለችኝ። «ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ፊት ለፊት ያገናኛቸውና ሲጣሉ 'ድሮም ጠላት ናቸው' ይላል። አንቺ መጀመሪያ በጠረን አስተዋውቂያቸው፣ ቀጥሎ በድምፅ። መተያየቱን መጨረሻ አድርጊው። ድመቷ ሁልጊዜ የምትወጣበት ከፍ ያለ ቦታ ይኑራት። ውሻው ደግሞ ድመቷን ትቶ አንቺን ባየ ቁጥር የሚወደውን ስጪው። ብቻቸውን ግን እንዳትተያቸው።»

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ሽሮን ክፍሌ ውስጥ ዘጋሁባት። የተኛችበትን ጨርቅ ለዋርድያ ምግቡ አጠገብ አነጠፍኩለት፤ መጀመሪያ ቀን በጥርሱ ዘለዘለው፣ ቆይቶ ያጉረመርምበት ጀመር፣ በኋላ እላዩ ላይ ተኛበት። የእሱን ጨርቅ ለእሷ ስሰጣት ጀርባዋን ቆልምማ አልጋ ሥር ገባች፤ እሷም ለመደችው። ቀጥሎ የሁለቱን ሳህን ከበሩ ወዲህና ወዲያ አስቀመጥኩ። አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ፣ ግን ሳይተያዩ ይበሉ ጀመር።

ያስቸገረኝ ሽልማቱ ነበር። ዋርድያ ከሥጋ በቀር የሚያጓጓው የለም፤ በጾም ደግሞ የእኛ ልኳንዳዎች ዝግ ናቸው። ከሙስሊሙ ከዛሂድ ልኳንዳ ሳንባ ገዝቼ ስገባ እናትህ በር ላይ ጠበቁኝ።

«በሑዳዴ ሥጋ? እዚህ ቤት?»

«ለዋርድያ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም፣ ኣደይ።»

«ዋርድያ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የሚጾመው» አሉኝ፣ እንደተቀየመ ሰው። ከዚያ ውሻውን አዩት። ምራቁ መሬት ድረስ ተዝረክርኳል። «በይ ውጭ ቀቅይው። ድስቴን እንዳትነኪ» ብለው ገቡ።

ጎረቤታችን ኣፅብሃ ለክፍሌ ሁለተኛ በር ከወንፊት ሽቦ በየደልኝ። «ለውሻው ነው ወይስ ለድመቷ እስር ቤት?» ብሎ ሲስቅብኝ «ለሁለቱም ትምህርት ቤት ነው» አልኩት። ሲተያዩ የመጀመሪያው ቀን አስደንጋጭ ነበር። ዋርድያ ሽቦውን በደረቱ መታው። እኔ «ተው! ቁጭ በል!» እያልኩ እጮኻለሁ፣ እሱ ጆሮውን አያነቃንቅልኝም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለካ ዋርድያ አማርኛ አይሰማም! በትግርኛ «ኮፍ በል!» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና ቁጭ አለ። ቀጥዬ «ተዋት» ለማለት «ግደፎ!» ብዬ ጮኽሁ። ከመስኮቱ በስተጀርባ የእናትህ ድምፅ መጣ።

«ድሙ ሴት ናት ብለሽ የለም እንዴ? 'ግደፎ' ለወንድ ነው። 'ግደፋ' በይው!»

ለካ ቆመው ያዩኝ ኖሯል። «ግደፋ!» አልኩት። ሽሮን ትቶ ወደ እኔ መጣ። ሳንባውን ጎረስ አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ዋርድያን አስሬ አንዱን ቃል ሳስጠናው፣ እናትህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እኔን ያስጠኑኛል። አሁን ትግርኛዬን ብትሰማው አታምንም።

ፋሲካው ሲቃረብ ሁሉም ነገር ሊፈርስ ነበር። ሥራ ላይ እያለሁ ኃይለኛ ንፋስ ተነሥቶ የወንፊቱን በር መወርወሪያ ነቅሎት ኖሯል። ቤት ስደርስ እናትህ ደጁ ላይ ተቀምጠው የዋርድያን ፊት በጨው ውሃ ያጥባሉ። አፍንጫው ተሰንጥቋል፤ ደሙ እጃቸውን አቅልሞታል። ያለቅሱ ነበር።

«ሮቶው ጥግ አስገብቶ ያዛት፤ እሷም ቧጠጠችው» አሉኝ። «ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኑን ነበር። በቃኝ። ነገ ለሀፊሳ ትሄዳለች።»

ሮጬ ገብቼ ሽሮን አገላብጬ አየኋት፤ አንድ ጭረት የለባትም። ዮሃና ጋ ደወልኩ። «ጥግ አስገብቶ ይዟት አልነከሳትም?» አለችኝ። «ናዝሬት፣ ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው! መንከስ ቢፈልግ ጊዜ ነበረው።» ይህንኑ ለእናትህ ብነግራቸው አፍንጫውን እያሳዩ «ይሄስ?» አሉኝ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘንቢሉን አውጥቼ ሽሮን ላስገባት ስል ሰማዩ በአንዴ ጠቆረ። በረዶ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር፤ አከታትሎ ነጎድጓዱ መጣ። ዋርድያ ነጎድጓድ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ነግረኸኝ አታውቅም። አይተኸው ስለማታውቅ ይመስለኛል። ያ ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራው ውሻ የወንፊቱን በር ገፍቶ ክፍሌ ገባና አልጋዬ ሥር ተወሸቀ። አልጋው ከእሱ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። እናትህ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው «ዋርድያ! ወደይ፣ ልጄ!» እያሉ ተከትለውት ገቡ። ነጎድጓዱ ድጋሚ ሲያንባርቅ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አልጋዬ ላይ ቁጭ አሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ሽሮ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበረች። ከዚያ ላይ ሆና ሁላችንንም ስታይ ቆየች። ከዚያ ወረደች፤ መጀመሪያ አልጋው ላይ፣ ቀጥላ መሬት።

«ያዢያት!» አሉኝ እናትህ በሹክሹክታ።

አልያዝኳትም። አልጋው ሥር ገባች። ሁለታችንም ተንበርክከን አየን። ሽሮ ፊቱ አጠገብ ቁጭ ብላ የቆሰለውን አፍንጫውን ታሸታለች። ዋርድያ አገጩን ሲሚንቶው ላይ ለጥፏል። ዓይኖቹ ድመቷ ላይ አልነበሩም። እኔን ነበር የሚያየኝ፤ ልክ እንዳስተማርኩት። «ግደፋ» ማለት እንኳ አላስፈለገኝም። ሽሮ ዞረች፣ ተዟዟረች፣ እግሮቿን አጣጥፋ ደረቱ ሥር ተቀመጠች። በረዶው አልቆመም። የአልጋው መንቀጥቀጥ ግን እየቀነሰ ሄደ።

እናትህ መሬቱ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«በጦርነቱ ጊዜ መሓሪ አዲስ አበባ ነበር። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ፣ ልጄ ይኑር አይኑር አላውቅም። የመድፉ ድምፅ ሲመጣ እኔና ዋርድያ አልጋ ሥር እንገባለን። ቂጣዬን ለሁለት እከፍል ነበር። 'ሰው በሚራብበት ጊዜ ለውሻ?' ያሉኝ ነበሩ። ምን ልበላቸው? እሱ ባይኖር የምናገረው ሰው አልነበረኝም፤ ቋንቋ እረሳ ነበር።»

ይህን ለአንተ ነግረውህ ያውቃሉ? አይመስለኝም። ልጃቸውን ማሳዘን አይፈልጉም።

ቆይተው ቀና ብለው አዩኝ። «ደሴም ደርሶ ነበር አይደል?» አሉኝ።

«ደርሶ ነበር።»

«አባትሽስ? ማን ነበረው?»

«ይቺ ድመት» አልኳቸው። «እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸሽ እሱ እግሩን አሞት ቀረ። በኋላ ስንገናኝ 'ከሽሮ ጋር እያወራሁ አለፈ' አለኝ።»

እናትህ እጃቸውን አልጋው ሥር ዘርግተው፣ ዋርድያን አልፈው፣ የሽሮን ጭንቅላት ዳሰሱት። «አንቺ ድሙ» አሏት። «ሽማግሌውን አንቺ ነሽ የጠበቅሽው?»

ዘንቢሉን አንሥተው ከበር ጀርባ የሰቀሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ለዮሃና ስነግራት «ዝናቡ አስታረቃቸው ብለሽ እንዳታወሪ» ብላ ተቆጣችኝ። «ያንን ሁሉ ጊዜ በበር ባታስተዋውቂያቸው ኖሮ ያን ቀን አልጋሽ ሥር ይበላት ነበር።» እኔም እንዳላወራ ያለችኝን አላወራሁም። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ ኮርቼበታለሁም። ደግሞ በአንድ ቀን መላእክት ሆኑ አልልህም። ሽሮ ከሳህኑ ትሰርቀዋለች፤ እሱ ያጉረመርምባታል፤ እሷ በጥፊ ትለዋለች። ሌላ ድመት አጥር ላይ ካየ ዋርድያ ዛሬም ያው ዋርድያ ነው። ሽሮን ግን የቤት ሰው አድርጓታል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግድግዳው ሥር ይጋደማል፣ እሷ ሆዱ ላይ ትደገፋለች፤ ዝንብ ሲያርፍባት በአፍንጫው እፍ ይልላታል።

ለፋሲካ ጎረቤቱ ሁሉ በጉን ሊቀምስ ሳይሆን እነሱን ሊያይ መጣ ማለት እችላለሁ። ሀፊሳም ከዒድ የተረፈ ብስኩት ይዛ መጣች። ሁለቱ ከአንድ ትሪ ላይ አጥንት ሲቆረጥሙ አየችና «ድመቴን ወሰዳችሁብኝ» ብላ እናትህን ተጣላቻቸው። እናትህ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው፣ «እኔ ነኝ ያለማመድኳቸው» አሉ። «ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ በጠረን፣ ከዚያ በድምፅ…» የዮሃናን ቃል አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩት! ኣፅብሃ ደግሞ ሊቀልድ ፈልጎ «እናንተም ሁለታችሁ እንደነዚህ ነበራችሁ» ሲል፣ እናትህ አፍጥጠው «ታዲያ ውሻዋ እኔ ነኝ?» ቢሉት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሙሉውን ክብር ይውሰዱት። በእሳቸው እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ያንተ ስልክ መጣ። የሚከራይ ኮንዶሚኒየም እንዳገኘህ፣ ሦስተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ቀብድም እንደከፈልክ በደስታ ነገርከን። «አከራዩ እንስሳ አይወድም» አልክ። «ዋርድያን ለኣፅብሃ፣ ድመቷን ለሀፊሳ ስጡና ሁለታችሁም ኑ። እማ፣ ከእኔ ተለይተሽ መኖር ይበቃሻል።» በፍቅር እንዳልከው አውቃለሁ። እናትህም ያውቃሉ። «ሕራይ ወደይ፣ ያልከው ይሁን» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ድምፃቸው ደህና ይመስል ነበር፤ አንተም አላወቅህም።

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። የዋርድያ ጭንቅላት ጭናቸው ላይ ነው። ሽሮ ከእግራቸው ሥር ጥላ ይዛለች። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«እኔ አሮጊት ነኝ» አሉኝ። «የትም ብትወስዱኝ እኖራለሁ። እነዚህ ግን ገና አሁን ነው የተስማሙት።»

መሓሪ፣ ያን ጊዜ መልስ አልሰጠኋቸውም። መልሴን ለአንተ ልሰጥህ ነው የጻፍኩት። አንተን በጣም ናፍቄሃለሁ፤ አብረን መኖር አለብን፤ በዚህ ከአንተ ጋር አንድ ነኝ። ግን ማንም አይሆንም ያለውን ቤት በእጄ አቁሜዋለሁና በእጄ አላፈርሰውም። ቀብዱን አስመልስ። ከተማው ዳር ቢሆንም፣ መንገዱ ጭቃ ቢሆንም፣ ግቢ ያለው ቤት ፈልግ። ለአከራዩ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ሽማግሌ ውሻና አንዲት ድመት እንዳሉ አስቀድመህ ንገረው። ይጣላሉ ብሎ ከፈራ ስልኬን ስጠው፤ እኔ አስረዳዋለሁ። እንዲህ ያለ ቤት አዲስ አበባ ከጠፋ ደግሞ አንተ ወደ እኛ ና፤ ለመሐንዲስ እዚህም የሚሠራ ሞልቷል። እናትህን ከዋርድያ፣ ዋርድያን ከሽሮ ለይቼ ግን አልመጣም።

ይህን የምልህ ተቀይሜ አይደለም፤ ልቤ ሙሉ ሆኖ ነው። እግዚአብሔር ያገናኘን። እስከዚያው ሁላችንም ደህና ነን፤ በር ላይ ቆመን እንጠብቅሃለን።

የምትወድህና በቤትህ የምትኮራ ሚስትህ፣
ናዝሬት
መቐለ